የመዝለያ ገመድ ለታዳጊ ልጅ፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር

የልጃቸው ክብደት ያሳሰባቸው ወላጆች ገበያ ሲወጡ ቶሎ የሚያጋጥሟቸው ሦስት ዕቃዎች ናቸው፤ የማቅጠኛ ሻይ፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ሚዛን እና የመዝለያ ገመድ። ከ12 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ ከሦስቱ መገዛት ያለበት ገመዱ ብቻ ነው። ሻዩ ጤና ይጎዳል። ሚዛኑ ለዚህ ዕድሜ ያልተሠራ ቁጥር እየሰጠ ልጁንም ወላጁንም ያስጨንቃል። ገመዱ ግን ዓይነቱና ልኩ ከተስተካከለ፣ አጀማመሩም ካልተጣደፈ፣ አንድ ታዳጊ ቤቱ ሆኖ ልማድ ሊያደርገው የሚችል እንቅስቃሴ ነው። ችግሩ በየሱቁ ከተሰቀሉት ገመዶች ብዙዎቹ ለጀማሪ የማይሆኑ መሆናቸው ነው። ልጆች ጀምረው ሲተዉት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስንፍና ሳይሆን የገመዱ ልክ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ጠንከር ያለ፣ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንዲሆን። ዝላይ የሚያገለግለው ለዚህ ለሦስቱ ቀን ነው። ለቀሪው ወደ ትምህርት ቤት በእግር መሄድ፣ ኳስ፣ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ፣ ቤት ማጽዳትና ውሃ መቅዳት ሁሉም ይቆጠራሉ። ገመድን ከሩጫ የሚያስመርጠው ሌላም ነገር አለ። ክብደት ያለው ልጅ ሜዳ ወጥቶ ሲሮጥ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያየዋል፣ ቅጽል ስም ይወጣለታል። ሴት ልጅ ደግሞ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ብቻዋን አስፋልት ዳር መሮጥ አትችልም። ገመድ በረንዳ ላይ፣ በግቢ ውስጥ፣ ክረምት ሲገባም በመተላለፊያ ኮሪደር ይሠራል። የሚፈልገው ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ ቦታና ገመዱን የማይነካ ጣሪያ ብቻ ነው።

የገመዶቹ ዓይነት

በብዛት የሚገኘውና የሚረክሰው እጀታውም ገመዱም ፕላስቲክ የሆነው ነው። ውፍረቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይሠራል፤ ከዚያ ከቀጠነ አየር ላይ ቅርጹን አይይዝም። ዋናው ችግሩ ተጠቅልሎ ታሽጎ ስለሚመጣ ጥቅልሉን አለመርሳቱ ነው። ሲዘረጋ እንደ ምንጭ ይጥመለመላል፣ መሃሉ መሬት ሳይነካ ያልፍና የልጁን ጣት ይይዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሞቀ ውሃ ውስጥ (የሚፈላ አይደለም) ለጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ መወጠር፣ እስኪደርቅም ከሚስማር ላይ አንጠልጥሎ ማሳደር። ይህ ካልተደረገለት ገመዱ ጥሩ ሆኖ ሳለ መጥፎ ይመስላል። በብርድ ማለዳም ይደርቃልና ውጭ ከመውጣት በፊት ቤት ውስጥ ትንሽ ማቆየት ይጠቅማል።

የጥጥ ወይም የናይለን ሹሩባ ገመድ፣ ብዙ ጊዜ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ቢመታም አያምም። ለ8 ዓመት ልጅ ጨዋታ መልካም ነው። ለታዳጊ ግን ይቀልላል፣ ሲዞር ቅስቱ ይሰበራል፣ ልጁም ገመዱን ለማዞር ክንዱን በሙሉ ስለሚያወናጭፍ እግሩ ሳይደክም ትከሻው ይደክማል።

በጣም የምንመክረው ባለ ዶቃውን ነው። በመሃሉ የናይለን ሲባጎ ያልፋል፣ በላዩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝሙ የፕላስቲክ ዶቃዎች ተደርድረዋል። ሦስት ነገር ከሌሎቹ ይለየዋል። ክብደቱ እኩል ስለተከፋፈለ በዝግታም ሲዞር ቅስቱን አይለቅም፤ ለጀማሪ ደግሞ በዝግታ ማዞር መቻል ትልቅ ነገር ነው። መሬት ሲነካ ቀጭ ይላል፤ ልጁ ዓይኑን ወደ እግሩ ሳይጥል መቼ መነሳት እንዳለበት በጆሮው ያውቃል። ሦስተኛው ልኩን ለማስተካከል መቀስ የማያስፈልገው መሆኑ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈትቶ ዶቃ መቀነስ ወይም መጨመር በቂ ነው። ጉድለቱ ድምፁ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከታች ቤት ያሉ ጎረቤቶች አይታገሡትም፤ እነሱም እውነት አላቸው፣ ስለዚህ ወደ ግቢ መውረድ ግድ ይሆናል።

ቀጭኑ የሽቦ ገመድ፣ ኩሽኔታ ባለው እጀታ የሚሸጠው፣ ሱቅ ውስጥ ከሁሉም ያማረ ነው። ሻጮችም «የስፖርተኛ ነው» ብለው እሱን ያቀርባሉ። ለጀማሪ ታዳጊ አትግዙት። ውፍረቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሲያመልጥ ባትና ክንድ ላይ ሰንበር ያወጣል፤ ሦስት ጊዜ የተገረፈ ልጅ አራተኛ አይሞክርም። ሲሚንቶ ላይ ደግሞ የላዩ ፕላስቲክ ቶሎ ይላጥና ሽቦው ገጦ ይወጣል። ክብደት ያለው ወፍራም ገመድም ይቅር፤ የእጅ አንጓና ትከሻ ያሳምማል፣ ለዚህ ዕድሜ የሚጨምረው ጥቅም የለም።

ቆጣሪ ያለው እጀታ ብዙ ወላጅ ይማርካል። የሚቆጥረው ግን እጀታው ስንት ጊዜ እንደዞረ ነው፣ ልጁ ስንት ጊዜ እንደዘለለ አይደለም። ገመዱ እግር ላይ ቢያዝም፣ ቆሞ ቢያዞረውም ይቆጥራል። የሚያሳየው የካሎሪ ቁጥር ከግምት አያልፍም፤ «200 ካሎሪ አቃጥያለሁ» ያለ ልጅ በዚያው ሒሳብ ቦምቦሊኖ መግዛቱ አይቀርም። የኪችን ወይም የስልክ ሰዓት መቁጠሪያ ከእሱ ይሻላል፤ እዚህ ደረጃ ላይ የሚለካው የዝላይ ብዛት ሳይሆን ደቂቃ ነው።

ሱቅ ውስጥ ምን ይፈተሽ

አዲስ አበባ ላይ መርካቶም ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መሸጫዎችም ይገኛል። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ ቁጥር አንጽፍም፤ የምንለው ግን ባለ ዶቃው ከተራው ፕላስቲክ ቢወደድም ልዩነቱ የሚቆጭ አይደለም። ከእሽጉ ሳይወጣ አትክፈሉ። ሁለቱን እጀታ በእጅ ይዛችሁ ገመዱን ወደ ጎን ዐሥር ጊዜ ያህል አዙሩት፤ ገመዱ እየተጠማዘዘ ከሄደ እጀታው ውስጥ መዞሪያው ተይዟል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቤት ሄዶ አይሻሻልም። እጀታው ጫፍ ላይ ገመዱን የሚያስቀረው ብረት ወይም ፕላስቲክ ቀለበት ከቀዳዳው በደንብ መስፋቱን እዩ፤ ጠባብ ከሆነ በዝላይ መሃል ይሾልክና እጀታው ተስፈንጥሮ ፊት ይመታል። እጀታው ላይ የለበሰው ስፖንጅ እጅ ሲልበው የሚንሸራተት ከሆነ ስፖንጅ የሌለው ይሻላል።

ልክ ነገሩን ሁሉ ይወስናል። ገመዶች ብዙውን ጊዜ 2.8 ወይም 3 ሜትር ሆነው ይሸጣሉ፤ ቁመቱ 155 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጀማሪ የሚበቃው ግን ወደ 2.45 ሜትር ነው። የልጁ ቁመት ላይ 90 ሴንቲ ሜትር መደመር ነው ስሌቱ። ያለ ሜትር ለመለካት አንድ እግር የገመዱን መሃል ይረግጣል፣ ሁለቱ እጀታዎች ወደ ላይ ሲሳቡ ጫፋቸው ብብት ላይ መድረስ አለበት። ትከሻን ካለፈ ረዝሟል፤ ልጁ ትርፉን ለማስቀረት እጁን ከሰውነቱ ያርቃል፣ ገመዱም መሬት ላይ ተንሸራቶ ይያዛል። ከደረት በታች ከሆነ አጥሯል፤ ልጁ ጉልበቱን ወደ ሆዱ እየሳበ ከፍ ብሎ ለመዝለል ይገደዳል፣ ከፍ ያለ ዝላይ ደግሞ ከባድ ሰውነት ላይ ጉልበት ይጨርሳል። ፕላስቲኩን ወዲያው አትቁረጡት። መጀመሪያ እጀታው አጠገብ ቋጥራችሁ አንድ ሳምንት ይሞከር፣ ከዚያም ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር እያላችሁ ቀንሱ። ልጁ ገና እያደገ ነው፤ በዓመቱ ገመዱ ሊያጥረው ይችላል፣ የተቆረጠ ደግሞ አይመለስም።

ወለልና ጫማ

ኮብልስቶን ላይ መዝለል ቁርጭምጭሚት ማዞሪያ ነው፣ ገመዱም በየስንጥቁ ይያዛል። ሴራሚክ ያንሸራትታል፣ በተለይ ላብ ሲንጠባጠብበት። ሊሾ ሲሚንቶ በጣም ይጠነክራል፤ ሌላ ቦታ ከሌለ ጠጠር ያለ የጎማ ምንጣፍ ይነጠፍበት፤ ፍራሽና ወፍራም ስፖንጅ ግን አይሆኑም፣ እግርን ያወላግዳሉ። ደልዳላ ደረቅ አፈር ከሁሉም ይሻላል፣ ለእግርም ለገመዱም።

በሸበጥም በባዶ እግርም በትምህርት ቤት ቆዳ ጫማም አይዘለል። ከፊት፣ ከጣቶቹ ሥር፣ ወፈር ያለ ሶል ያለው ስኒከር ያስፈልጋል፤ ዝላይ የሚያርፈው እዚያ ላይ እንጂ ተረከዝ ላይ አይደለም። ለሴት ልጅ ደረት አጥብቆ የሚይዝ የስፖርት ጡት መያዣ ከገመዱ ጋር አብሮ ይገዛ። ይህ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ነው፤ ብዙ ሴቶች ልጆች «አልወደድኩትም» ብለው የሚያቆሙት ግን ሕመምና እፍረት ስለሆነባቸው ነው። እናት ወይም ታላቅ እህት ሳትጠየቅ ብትገዛላት ነገሩ ይቀላል።

አጀማመሩ

የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ዝላይ ነው። ልጁ ሁለቱንም እጀታ በአንድ እጁ ይዞ ገመዱን በጎኑ ያዞራል፣ ገመዱ መሬት በነካ ቁጥር ተረከዙን ብቻ ያነሣል። እጅ ይለዋወጣል። የእግሩና የእጁ ምት ከገጠመ በኋላ ነው ገመዱን በላዩ የሚያሳልፈው። ሱዚ የዘለለች ልጅ ይህን ሳምንት ልትዘለው ትችላለች፤ ምቱ ከልጅነቷ አላት።

ከባድ ለሆነ ልጅ ሁለት እግር ገጥሞ ከመዝለል በፊት በመራመድ መጀመር ይሻላል፤ ገመዱ ሲመጣ በአንድ እግር ተሻግሮት፣ ሲመለስ በሌላው። እንደ ሶምሶማ ማለት ነው። ክብደቱ በአንድ ጊዜ አይወርድም፣ ጉልበትም ያርፋል። ሁለት እግር መግጠም የሚመጣው ይህ ሳያስቸግር ሲቀር ነው። ክርን ጎን ላይ ተጠግቶ፣ የሚዞረው አንጓ ብቻ ሆኖ፣ ጉልበት ለስለስ ብሎ፣ ዝላዩ ከመሬት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ። ልጁ ሲያርፍ ጎረቤት የሚሰማ «ዱብ» ካለ በጣም ከፍ ብሏል ወይም በተረከዙ አርፏል።

ዝላዩ ከተጀመረ በኋላ ሳምንት አንድና ሁለት 20 ሰከንድ ሥራ፣ 40 ሰከንድ ዕረፍት፣ ስምንት ዙር። ከመጀመሩ በፊት አምስት ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ሲጨርስም ባት መወጠር። ሦስት ቀን በሳምንት፣ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት፤ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ከሳምንት ሦስት እስከ አምስት 30 በ30፣ ዐሥር ዙር። ከስድስተኛው ሳምንት ወዲያ 45 ሰከንድ ሥራ፣ 30 ሰከንድ ዕረፍት። ልጁ በሥራው መሃል አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻለ ፍጥነቱ ይቀነስ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ያለች ከተማ ናት፤ ከቆላ ለመጣ ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥሩት አያስደንቅም፣ ዕረፍቱን ማስረዘም ነው። ከዝላይ በኋላ የሚቆይ ሳልና ሲርሲርታ (ሲተነፍስ የሚሰማ ፉጨት) ካለ ግን አስም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

በጾም ወቅት ሰዓቱን ማስተካከል እንጂ ማቆም አያስፈልግም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቢሠራ ይሻላል፤ በረመዳንም እንዲሁ፣ ከአፍጥር በኋላ ሆዱ ረገብ ሲል። ውሃ ሳይጠጣ በዋለ ሰውነት ቀን ላይ መዝለል ራስ ያዞራል።

ሕመም፣ የቱ ተራ የቱ አደገኛ

ባት መጠዝጠዝ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ቅልጥም ፊት ለፊት፣ አጥንቱ ጠርዝ ላይ የሚያቃጥል ሕመም ግን መጣደፍ ወይም ጠንካራ ወለል ነው መንስኤው፤ ሕመሙ እስኪጠፋ ማቆም፣ ሲመለስ ዙሩን በግማሽ መቀነስ። በዕድገት ላይ ያለ ልጅ ተረከዙን ከኋላ ወይም ከጉልበቱ በታች ያለውን ጉብታ ሊያመው ይችላል። አጥንት የሚያድግበት ቦታ በጅማት ሲጎተት የሚመጣ ነው፤ አደገኛ ባይሆንም እያመመው መዝለል የለበትም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ክብደት ያለው ታዳጊ ብሽሽቱን፣ ጭኑን ወይም ጉልበቱን አሞት ማነከስ ከጀመረ፣ እግሩም ወደ ውጭ ከዞረ፣ ያን ቀን ዝላይ ብቻ ሳይሆን መራመድም ይቁም። የጭን አጥንት ራስ ከዕድገት መስመሩ ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ ይህ ሕመም በተለይ በዚህ ዕድሜ ክብደት ያላቸውን ልጆች የሚያጠቃና በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው። ሕመሙ ጉልበት ላይ ብቻ ሊሰማ ስለሚችል ብዙ ጊዜ «ወለምታ ነው» ተብሎ ይታሻል። አይታሽ። የዳሌ ራጅ ይነሣ።

አንገቱ ዙሪያና ብብቱ ታጥቦ የማይለቅ ጥቁረት ያወጣ ልጅም የቆዳ ሳሙና ሳይሆን የደም ስኳር ምርመራ ነው የሚያስፈልገው፤ ሰውነቱ ኢንሱሊንን እንደሚገባው አለመጠቀሙን የሚያሳይ ምልክት ነው። ሲዘል ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ልጅ ሳይመረመር እንደገና አይጀምር።

ሚዛኑና ሻዩ ለምን ይቅሩ

ከስልክ ጋር የሚገናኘው ሚዛን በእግር በኩል ደካማ ኤሌክትሪክ ልኮ ከሰውነት ውሃ ተነሥቶ ስብን ይገምታል። ውሃ ከጠጡ፣ ካላባቸው፣ እግራቸው እርጥብ ከሆነ ቁጥሩ ይለወጣል። ስሌቱም በብዛት ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ የብዙዎቹ መመሪያ የስብ ልኬቱ ከ18 ዓመት በላይ ላሉ እንደሆነ ይጽፋል። ስልኩ ላይ በቀይ የሚመጣው «ከመጠን በላይ» የሚለው ፍርድም የሚሰጠው በአዋቂው የክብደትና ቁመት ምጣኔ (ቢኤምአይ፣ ኪሎው በሜትር ለተለካ ቁመት ካሬ ሲካፈል) ወሰን፣ በ25 ነው። ለልጅ 25 የሚባል ወሰን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ከ5 እስከ 19 ዓመት ሰንጠረዥ መሠረት ልክ 14 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ምጣኔው ከ21.8 ሲያልፍ ከመጠን በላይ ክብደት፣ ከ25.9 ሲያልፍ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ ለሴት ልጅ 22.7 እና 27.3 ነው። በዕድሜው በየወሩ ይለያያል፤ ማንበብ ያለበትም ጤና ባለሙያ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ቁመቱ ነው። 150 ሴንቲ ሜትር ሆኖ 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ምጣኔው 26.7 ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስምንት ሴንቲ ሜትር አድጎ ያው 60 ኪሎ ላይ ቢቆይ 24 ይሆናል። አንድ ኪሎ ሳይቀንስ። ለብዙ ታዳጊ ትክክለኛው ግብ ይህ ነው፤ ክብደቱ ባለበት ይቁም፣ ቁመቱ ይድረስበት። በየቀኑ ሚዛን ላይ የሚወጣ ልጅ ይህን ማየት አይችልም፤ በአንድ ቀን ውስጥ በውሃና በምግብ ብቻ አንድ ኪሎ ከዚያም በላይ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ልጁ ግን የወፈረ ይመስለዋል። መመዘን ካስፈለገ በወር አንዴ፣ ጤና ጣቢያ ይመዘን። ቁመቱን ደግሞ በር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉለት። ኪሎ መቀነስ ያለበት ልጅ ቢሆን እንኳ ሐኪም እየተከታተለው በዝግታ ነው መሆን ያለበት።

የማቅጠኛ ሻይ በሚል ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰና የተባለው ቅጠል ነው፤ የሆድ ማስለቀቂያ። ከጠጡት ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ያስቀምጣል። ጠዋት ሚዛን ላይ የጎደለው ውሃ ነው፣ ስብ አይደለም፤ ሲጠጣ ይመለሳል። ሲደጋገም ፖታሲየም ይቀንሳል፣ የልብ ምት ያዛባል፣ አንጀትም ያለ ሻዩ መሥራት እያቃተው ይሄዳል። የባሰው ደግሞ ከእሽጉ ላይ የማይጻፈው ነው። ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒት የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ ስላመጣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲህም «ከዕፅዋት ብቻ የተዘጋጀ» ተብለው በተሸጡ የማቅጠኛ እንክብሎችና ሻዮች ውስጥ ተደብቆ በምርመራ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ጽሑፍ ዋስትና አይደለም። በቴሌግራም ታዞ በሞተር የሚመጣ፣ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያልተመዘገበ ዱቄትና እንክብል ልጅ እጅ መግባት የለበትም። ሆድ ላይ የሚታሰረው የላብ ቀበቶም የሚያስወጣው ላብ ብቻ ነው።

ገመዱ ብቻውን የማይችለው

60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ዐሥር ደቂቃ ሳያቋርጥ ቢዘል የሚያወጣው ጉልበት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው፤ 30 ግራም አካባቢ ስኳር፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ ተኩል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም 120 ካሎሪ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ለስላሳ የሚጠጣ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ዘሎ አይደርስበትም። ለስላሳው በውሃ ቢተካ ግን ገመዱ የሠራው ሥራ አይባክንም። ጁስ ቤት ያለው ስፕሪስም ሽሮፕ ከተጨመረበት ከለስላሳ አይሻልም፤ «ያለ ስኳር» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፣ ፍሬውን መብላት ደግሞ ይበልጣል።

ዘይቱን መቀነስ የእናት ወይም የምታበስለው ሰው ሥራ እንጂ የልጁ አይደለም። ከጀሪካን በቀጥታ ድስት ውስጥ የሚፈስ ዘይት አይታወቅም። በማንኪያ ይለካ፤ ለአምስት ሰው ወጥ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ ለአንድ ሳምንት ቁጠሩ፣ ከዚያ ከአራቱ አንዱን ቀንሱ። ሽንኩርቱ በትንሽ ውሃ እየታረሰ ቢቁላላ ጣዕሙ አይጎድልም። በጾም ጊዜ የድንች ጥብስ፣ ሳምቡሳና እርጥብ ስለሚበዙ ክብደት የሚጨምር ልጅ ብዙ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ንፍሮ ያሉበት ጾም ግን ለዚህ ልጅ ምቹ ነው። ለመክሰስ አንድ እፍኝ ቆሎና አንድ ብርቱካን በምሳ ዕቃው ኪስ ይግባ፣ ችብስ መግዣ ሳንቲሙ ይቅር።

ልጁን ለይቶ በተለየ ሳህን ማብላት ስህተት ነው። ትሪው አንድ ይሁን፣ በትሪው ላይ ያለው ይለወጥ፤ ቀጫጩ ወንድሙም ያንኑ ይብላ። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ብሎ ማጉረስ ፍቅር ነው፤ በቃኝ ያለ ልጅ ግን በቃው ማለት ነውና አያቶችና አክስቶች ቀድሞ ይነገራቸው። እንግዳ ሲመጣ «ወፈረ እኮ!» ማለትም እንደ ምርቃት ይታሰባል፤ ታዳጊው የሚሰማው ሌላ ነው። ምሳ መዝለል፣ በልቶ ወዲያው ሽንት ቤት መግባት፣ ከሰው ጋር መብላት መሸሽ ከጀመረ፣ ወይም የልጅቱ የወር አበባ ከቀረ፣ የክብደቱ ነገር ለጊዜው ተትቶ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ቁርስ አይዘለልም። እንቅልፍም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ርዝመት ያለው ያስፈልጋል፣ ለ12 ዓመት ልጅ ከ9 ሰዓት ያላነሰ፤ ስልኩ ሌሊት ሳሎን ይደር።

የገመዱ አያያዝ

ባለ ዶቃውን የሚጨርሰው ወለሉ ነው። መሬት የሚነኩት የመሃል ዶቃዎች ብቻ ስለሆኑ እነሱ ቀድመው ይሳሳሉ፣ ይሰነጠቃሉም። በየሁለት ወሩ ገደማ ቋጠሮውን ፈትቶ ከእጀታው አጠገብ ያሉትን አዳዲሶቹን ወደ መሃል፣ ያለቁትን ወደ ጫፍ ማዛወር ዕድሜውን በእጅጉ ያስረዝማል። ሲባጎው ጫፉ ከተተረተረ በክብሪት አቅልጦ መዝጋት ነው፣ በአዋቂ እጅ። ፕላስቲኩ ገመድ ደግሞ ከመሃሉ ጠፍጠፍ ብሎ ሲሳሳ ይጣል፤ በፕላስተር ጠግኖ መዝለል አይቻልም፣ የተጠገነው ቦታ ይከብድና ቅስቱን ይሰብራል። ሁለቱም ፀሐይ ላይ አይዋሉ፣ ተጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ አይግቡ፤ በር ጀርባ ካለ ሚስማር ላይ ይሰቀሉ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ በሚያይበት ቦታ።